የትራንስፎርመር ክፍሎቻችን አየር ያግኙ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ፒያሳና ካዛንቺስ ባሉ ሕንፃዎች የኤሌክትሪክ ጥገና እሠራለሁ። ከሕንፃ አስተዳዳሪዎች ሁሌ የምሰማት ነገር አለች፦ «አዲስ አበባ እኮ ብርድ ናት፤ ትራንስፎርመር በምን ይግላል?» ይህ እምነት ንብረት እያቃጠለ ስለሆነ ነው የምጽፈው።

ትራንስፎርመር የሚግለው ከውስጡ ነው። ሙቀቱ በዋናነት የሚነሳው ከረንት ከሚያልፍበት ጥቅል ሽቦ ነው። ከረንቱ በ20 በመቶ ቢጨምር በሽቦው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት በ44 በመቶ ያድጋል። የበዓል ዋዜማ ማታ በየፎቁ ምጣድ ሲጣድ አስቡት። አሁን ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀር ተጨምሯል።

ጭነት ሲበዛ ጥበቃው ሄዶ ጥቅሉ የተነከረበትን የማቀዝቀዣ ዘይት ቴርሞሜትር ያያል። «ሰላም ነው» ብሎ ይመለሳል። ቴርሞሜትሩ አልዋሸም፤ የሚለካው ግን ዘይቱን ነው። ሽቦው በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል፣ ዘይቱ እስኪሞቅ ሰዓታት ይፈጃል። በዚያ መሃል የሚጎዳው ሽቦው እርስ በርሱ እንዳይነካካ የተጠቀለለበት ወረቀት ነው። የተለመደው ወረቀት በ98 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መደበኛ ዕድሜውን ይቆያል። ከዚያ በላይ በየ6 ዲግሪው የሚያረጅበት ፍጥነት እጥፍ ይሆናል። ዘይት ይጣራል፣ ይቀየራል። ወረቀቱ ከተሰባበረ ግን ያለው አማራጭ ጥቅሉን አውጥቶ እንደ አዲስ መጠቅለል ነው፤ ዋጋውን የከፈለ ያውቀዋል።

98 ዲግሪ ከየት መጣ? በዓለም አቀፉ ደረጃ መሠረት የዘይት ትራንስፎርመር ሙሉ ጭነት ላይ ሲሆን የጥቅሉ በጣም የጋለ ቦታ ከአካባቢው አየር በ78 ዲግሪ እንዲበልጥ ይፈቀዳል። አየሩ 20 ከሆነ ድምሩ 98 ነው። እዚህ ላይ የከተማችን ብርድ ይጠቅመናል፣ አልክድም። ግን ከፍታም አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች። የሳሳ አየር ሙቀት ይዞ የመሄድ አቅሙ ያንሳል። ስለዚህ ደረጃው በአየር ብቻ ለሚቀዘቅዝ የዘይት ትራንስፎርመር ከ1,000 ሜትር በላይ በየ400 ሜትሩ ከተፈቀደው የሙቀት ጭማሪ ላይ 1 ዲግሪ እንዲቀነስ ያዛል። ለእኛ ከሦስት ዲግሪ በላይ ማለት ነው። ምሰሶ ላይ ላለው ትራንስፎርመር ብርዱ ይህን ይክስለታል። ምድር ቤት ስንቆልፍበት ግን ብርዱን ከልክለን የሳሳውን አየር ብቻ እንተውለታለን።

በቅርቡ የገባሁበት አንድ ሕንፃ የክፍሉን አየር ማስገቢያ አቧራ እንዳይገባ ብሎ በካርቶን ደፍኖታል። ውስጡ ዕቃ ተከምሯል። የክፍሉን አየር ስለካው 40 ዲግሪ ነበር። ሙሉ ጭነት ቢመጣበት የጥቅሉ የጋለ ቦታ ከፍታውን ሳንቆጥር እንኳ 118 ሊደርስ ነው። በዚያ ሙቀት ወረቀቱ ወደ አሥር እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ያረጃል። ለአስተዳደሩ ነገርኩ። ካርቶኑ እስካሁን እዚያው ነው፤ ያናደደኝም ይኸው ነው።

የሕንፃ ባለቤቶች፣ እባካችሁ ከታች ቀዝቃዛ አየር የሚገባበት፣ ከላይ ሙቁ የሚወጣበት ክፍት ቦታ ተዉለት። ከረንቱም ቀን ላይ ብቻ ሳይሆን ማታ፣ ጭነቱ ሲበረታ ይለካ። አዲስ የምታስገቡ ደግሞ ትራንስፎርመሩ የሚተከልበትን ከፍታ ትዕዛዙ ላይ ጻፉ። ካልነገራችሁት ፋብሪካው የሚሠራው እስከ 1,000 ሜትር ላለ ቦታ ነው።

የኤሌክትሪክ ጥገና ባለሙያ፣ ከፒያሳ