ዴክ ጠጋኝ አልጠፋም፤ ሄዱንም ላይ ታች አታሹት

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

በቅዳሜ እትማችሁ ስለ ካሴት ማጫወቻው ቪዲዮ ዴክ ያወጣችሁትን ሰፊ ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። አንብቤ ብተወው ደስ ይለኝ ነበር። ግን ጽሑፉ ከወጣ ወዲህ ሰው እቤቱ የሰበረውን ይዞ እየመጣብኝ ነው፤ ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሁሉን ልዘርዝር ብል ገጻችሁ አይበቃም። አንዱን ብቻ ልያዝ። ዘጋቢያችሁ ምስሉ ዝናብ ዝናብ ካለ መፍትሔው ቀላል ነው ይላል፦ ክዳኑን ከፍቶ ሄዱን፣ ማለትም ምስሉን ከካሴቱ ክር ላይ የሚያነበውን ክፍል፣ አልኮል በነከረ ጥጥ «ላይ ታች እያደረጉ በደንብ ማሸት»። ላይ ታች! ያውም በደንብ! ጫማ የሚወለውል መስሎታል እንዴ?

እስቲ ረጋ ብለን እንየው። ዴኩ ውስጥ ትንሽ ጋደል ያለ፣ የሚያብረቀርቅ ክብ ብረት አለ፤ ድራም እንለዋለን። እኛ አገር በሚሠራበት፣ ፓል በሚባለው የቴሌቪዥን ምስል ሲስተም ይህ ድራም በደቂቃ 1500 ጊዜ ይሽከረከራል። ሄዶቹ ያሉት ጠርዙ ላይ ነው፤ አንዳንዱ ዴክ ሁለት፣ አንዳንዱ አራት አለው። ጫፋቸው ከፀጉር አይወፍርም፤ በዓይን ለማየት ራሱ መብራት አስጠግቶ ጎንበስ ማለት ይጠይቃል። የሚሠሩት ፌራይት ከሚባል ነገር ነው። ፌራይት ጠንካራ ነው፣ ግን አይታጠፍም፣ ይሸረፋል። ጥጡን ወደ ላይ ስታሹት የጥጡ ቀጭን ጭረት የሄዱን ጫፍ ይይዘዋል፤ ወደ ታች ስትመልሱት ጫፉን ይዞት ይወርዳል። ድምፅ እንኳ የለውም። የምታውቁት ካሴት አስገብታችሁ ቴሌቪዥኑ ላይ ዝናብ ብቻ ስታዩ ነው።

ትክክለኛው አሠራር ደግሞ ከባድ ሆኖ አይደለም። መጀመሪያ ሶኬቱ ይነቀላል። አልኮሉ ንጹሕ አይሶፕሮፒል ቢሆን ይመረጣል፤ ፋርማሲ የሚሸጠው 70 ፐርሰንቱ ውሃ ስላለበት ለመድረቅ ይዘገያል። ሽቶና አረቄ ሲሉም ሰምቻለሁ፣ እሱን ተዉት። ጥጥ አይደለም፤ ክር የማይለቅ ጨርቅ ወይም ለስላሳ ቆዳ ነው። ጨርቁን ድራሙ ጎን ላይ ቀስ ብሎ አስነክቶ እጅን ማቆም፣ ከዚያ በሌላው እጅ ድራሙን ከአናቱ ይዞ ዝግ ብሎ ማዞር። የሚዞረው ድራሙ ነው፣ ጨርቁ ካለበት ንቅንቅ አይልም። በመጨረሻ እስኪደርቅ መጠበቅ፤ ድራሙ እርጥብ እያለ ካሴት ከገባ የካሴቱ ክር ይጣበቅና ይጠመጠማል። ከዚያ «ዴኩ ካሴት በላ» ይባላል። ዴኩ ምን አደረገ?

ከጽሑፉ ጋር ያወጣችሁትን ፎቶ ደግሞ አይታችሁታል? እኔ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ክዳኑ ተነስቷል፣ ጥጥ የያዘ እጅ ውስጥ ገብቷል፣ ከፊት ለፊት ደግሞ የዴኩ ሰዓት 12:00 ብሎ ቦግ ብሎ በርቷል። ሰዓቱ በራ ማለት ሶኬቱ ተሰክቷል ማለት ነው። ሶኬቱ ከተሰካ ከዚያ እጅ ትንሽ ራቅ ብሎ 220 ቮልት አለ። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ እንኳ የፓወር ሰፕላዩ ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ፣ ለጥቂት ጊዜ ቻርጅ ይዞ ይቆያል፤ እኛ ራሳችን በዚያ በኩል እጃችንን ዝም ብለን አንሰድም። እናንተ ግን ለቤተሰብ አምድ በከለር አትማችሁታል። እግዜር ይስጥልን!

ሰሞኑን አንዲት እናት ዴካቸውን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልለው አመጡ። «እማማ፣ ማን ነካካው?» አልኳቸው። «ልጄ ነው፤ እንዲያው ከራሱ አይደለም፣ ጋዜጣው እንዳለው ነው ያደረገው» አሉኝ። ክዳኑን በካቻቪቴ ፈትቼ ሳየው የጥጡ ጭረት አሁንም ድራሙ ጠርዝ ላይ ተሰክቶ ነበር፤ የአንዱ ሄድ ጫፍ የለም። ማየት የፈለጉት የልጃቸውን ሠርግ የመልስ ድግስ ካሴት ነበር። ከጨፈሩት ግማሾቹ ዛሬ የሉም አሉኝ።

አዲስ ሄድ ከየት ይምጣ? የመጨረሻው አምራች፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ ዴክ መሥራት ያቆመው እ.ኤ.አ. በጁላይ 2016 ነው። እኛ መለዋወጫ የምናገኘው ከሌላ ከሞተ ዴክ አውጥተን ነው፤ ያውም ሞዴሉ ከገጠመ። ስለዚህ አንድ ሄድ ሲሸረፍ የሚጠፋው አንድ ሄድ ብቻ አይደለም፣ ለሌላ ሰው ይሆን የነበረውም አብሮ ያልቃል።

አሁን ወደ ራሴ ቁስል ልምጣ። ጽሑፉ መሐል ላይ ዘጋቢያችሁ ፒያሳ ሄዶ፣ የድሮው መደዳ ሱቅ ፈርሶ አግኝቶ፣ የዴክ ጠጋኞች «ከከተማዋ ጠፍተዋል» ብሎ ጻፈ። ቤት ሲፈርስ ሰውም አብሮ ይፈርሳል ያለው ማን ነው? ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ሲነሣ ዕቃችንን ጭነን ተበተንን። እኔ መርካቶ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ገብቻለሁ፣ ጓደኞቼም እዚህም እዚያም አሉ። ከመደዳው ፊት ለፊት ሊስትሮ የሚሠራውን ልጅ ቢጠይቅ ስልካችንን ይሰጠው ነበር። ሞተናል ካላችሁ ግን እባካችሁ ለአከራዬም ንገሩልኝ፤ ወር በገባ ቁጥር ያንኳኳል። ግብር ሰብሳቢውም ቢሆን እኔን ለማግኘት ተቸግሮ አያውቅም። የተቸገረው የእናንተ ሰው ብቻ ነው።

ንዴቴ ለስሜ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጠጋኝ የለም ብሎ የጻፈ ሰው ወዲያው «ራሳችሁ ክፈቱት» ማለቱ አይቀርም፤ ዘጋቢያችሁም ይህንኑ አለ። አንዱ ስህተት ሌላውን ወለደው። አንዳችንን ቢያገኝ ኖሮ ላይ ታች የሚለው ነገር አይጻፍም ነበር። ሰዉ በየቀኑ የሚጠይቀንም ነገር ይጻፍ ነበር። ለምሳሌ ካሴት እያጫወተ መብራት ሲጠፋ ክሩ ድራሙ ላይ እንደተጠመጠመ ይቀራል። በፒንሳ የሚጎትተው አለ። አይጎተት! መብራቱ እስኪመጣ ይጠበቅ፤ ሲመጣ ኢጀክት ሲጫን ብዙውን ጊዜ ዴኩ ራሱ ሰብስቦ ያወጣዋል። ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣው ዴክ ደግሞ የ120 ቮልት ነው፤ ያለ ትራንስፎርመር እኛ ሶኬት ላይ ከተሰካ ጭሱን ታዩታላችሁ። ትራንስፎርመር ቢገኝለትም አብዛኛው ከእኛ ፓል በተለየው በአሜሪካው ሲስተም፣ በኤን ቲ ኤስ ሲ፣ ስለሚሠራ እዚህ የተቀረጸውን ሠርግ በቅጡ አያሳይም። ይህ ሁሉ በጽሑፋችሁ አንድ መስመር አላገኘም፤ ዴክ ለሳሎን ጌጥ እንደሚሆን ግን ሙሉ አንቀጽ አለ። አበባ ማስቀመጫ ጭምር ከላዩ። የአየር ቀዳዳው ያለው እዚያው ላይ መሆኑን ማን ይንገራቸው?

መደምደሚያው ላይማ ሳቄ መጣ። ካሴቶቻችሁን ቶሎ ወደ ፍላሽ አስገልብጡ ይላል። ጥሩ ምክር ነው፣ እኔም ለደንበኞቼ የምለው ይህንኑ ነው። ግን በምን ይገለበጣል? ካሴቱን አጫውቶ ለኮምፒዩተሩ የሚሰጠው እኮ ያው ዴክ ነው፤ ያውም ሄዱ ያልተሸረፈ።

እንግዲህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ማስተካከያውን ጽሑፉ በወጣበት ገጽ፣ በዚያው ፊደል መጠን አውጡት፤ ታች ጥግ ከማስታወቂያ ሥር አትደብቁት። ፎቶውን ከድረ ገጻችሁ አንሱና ሶኬቱ የተነቀለ ሌላ ዴክ አንሱ። ዴክ ከጠፋ እኔ ጋ መደርደሪያ ሙሉ አለ።

አንድ የሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ዴክ ጠጋኝ
መርካቶ፣ አዲስ አበባ