ጄቶቹ ለምን ዘገዩ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ቆጵሮሱ ሄሊዮስ አየር መንገድ አውሮፕላን አደጋ ሲወራ ሁሌም የሚነሳው በአውሮፕላኑ ውስጥ የአየር ግፊቱ ወርዶ ሰዎቹ ራሳቸውን የመሳታቸው ጉዳይ ነው። ልክ ነው፣ መነሻው እሱ ነው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ሰዓቱ ነው።

ነሐሴ 8 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ እሑድ ጠዋት። 121 ሰዎች የያዘው ቦይንግ 737 ከቆጵሮስ ላርናካ ተነስቶ ወደ አቴንስ ይበራል። 3፡37 ላይ አቴንስ ወደምትቆጣጠረው የአየር ክልል ገባ። ድምፁን ግን አላሰማም። ከ4፡12 እስከ 4፡50 ደጋግመው ጠሩት፤ መልስ የለም። ሁለቱ የግሪክ ኤፍ-16 ተዋጊ ጄቶች የተነሱት 5፡05 ላይ ነው። ክልሉ ከገባ አንድ ሰዓት ከ28 ደቂቃ በኋላ ማለት ነው!

5፡24 ላይ ደረሱበት። ረዳት አብራሪው ወንበሩ ላይ ተደፍቷል። 5፡49 ላይ አንድ ሰው የዋና አብራሪው ወንበር ላይ ሲቀመጥ አዩ። የበረራ አስተናጋጅ ነበር፤ ያውም የአብራሪነት ፈቃድ ያለው። ምን ዋጋ አለው፣ ወዲያው ነዳጅ አልቆ የግራው ሞተር ጠፋ። 6፡04 ላይ ግሪክ ውስጥ ግራማቲኮ የምትባል ቦታ አቅራቢያ ተከሰከሰ። አንድም ሰው አልተረፈም።

ተዋጊ ጄት በር ከፍቶ ሰው እንደማያወጣ ይገባኛል። ግን መሬት ላይ ያሉት ምን እንደተፈጠረ ቀድመው ማወቅ አልነበረባቸውም? ዝም ያለ አውሮፕላን ስንት ደቂቃ ነው የሚጠበቀው?

የግሪክ ብቻ ችግር አይደለም። የካቲት 2006 ዓ.ም. የኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተጠልፎ ጄኔቭ ሲያርፍ ያጀቡት የጣሊያንና የፈረንሳይ ጄቶች ነበሩ። የስዊዘርላንዶቹ የሥራ ሰዓት ስላልደረሰ አልተነሱም። ሁለት ጄት ቀን ከሌት ዝግጁ ለማድረግ እስከ 2013 ዓ.ም. ፈጅቶባቸዋል።

አንድ ተሳፋሪ
ከአዲስ አበባ