ትኬቱን ሳትቆርጪ

ውድ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹ እንዴት ናቸው? እማማስ ጉልበታቸውን ተሻላቸው?

መጥፋቴን አውቃለሁ። ነገ እደውላለሁ እያልኩ ነገው ራቀ። ይቅር በይኝ። ሌላውን ስንገናኝ ቁጭ ብለን እናወራዋለን፤ የዚያን ጊዜ የፈለግሽውን ያህል ትቆጪኛለሽ። ዛሬ ግን የሚቸኩል ጉዳይ ይዤ ነው የመጣሁት።

ሰሞኑን ወንድምሽን አግኝቼው ነበር። ልጆቹንና እማማን ይዘሽ ኦርላንዶ፣ ዲዝኒ ወርልድ ልትሄጂ እንዳሰብሽ ነገረኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ያንን ቤተ መንግሥት ቀና ብለው ሲያዩት ታየኝ። «መቼ ነው?» ስለው «በፈረንጆች ገና ሳምንት፣ ልጆቹ ትምህርት ሲዘጋላቸው» አለኝ። ክው አልኩ። «ትኬት ቆርጣለች?» አልኩት። «ኧረ ገና ናት» አለኝ። ተመስገን ብዬ ቤቴ ገባሁና ይኸው መጻፍ ጀመርኩ።

እባክሽ በዚያ ሳምንት አትሂጂ።

ከዲሴምበር 25 እስከ ጃንዋሪ 1 ያሉት ቀናት ከዓመቱ ሁሉ የባሰ ጭንቅንቅ ያለባቸው ናቸው። ትምህርት ቤቱ ሁሉ ዝግ ነው፣ ብዙ መሥሪያ ቤትም እንደዚያው። ከዲዝኒ ወርልድ ፓርኮች አንዱ የሆነው ማጂክ ኪንግደም በእነዚህ ቀናት ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ሰው ማስገባት ያቆመባቸው ዓመታት አሉ። ትኬት ይዞ በር ላይ መመለስ ማለት ነው። ባይመልሱሽም እንኳ ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ነው የምትውይው።

ያንን ሰመር ምን ስሠራ እንደከረምኩ ታውቂያለሽ። ፓርክ ውስጥ ወረፋ ማስተናገድ የመሰለ ሥራ የለም፤ ሰው ሲደክመው ምን እንደሚመስል በደንብ ታያለሽ። መጨረሻ ላይ ለሚሰለፈው ሰው አንዳንዴ ካርድ እንሰጠው ነበር። መጫወቻው ጋ ሲደርስ ካርዱን እንቀበለዋለን፤ ስንት ደቂቃ እንደቆመ በዚያ ይታወቃል። ወረፋ በሰው ቁጥር ልክ እንደማያድግ የገባኝ ያኔ ነው። አንድ መጫወቻ በሰዓት 1,000 ሰው ያስተናግዳል እንበል። በሰዓት 950 ሰው ቢመጣ ማንም ብዙ አይቆምም። 1,200 ቢመጣ ግን በየሰዓቱ 200 ሰው ይተርፋል። ከ5 ሰዓት በኋላ 1,000 ሰው ተሰልፎ ታገኛለሽ፤ መጨረሻ ላይ የደረሰው ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ ይገተራል። አየሽ፣ ሰው የጨመረው በሩብ ያህል ብቻ ነው። ጥበቃው ግን ከምንም ተነስቶ አንድ ሰዓት ገባ። ለዚህ ነው ቀን መምረጥ እንዲህ የሚያንገበግበኝ። ትንሽ ቀለል ያለ ቀን መምረጥ ማለት ግማሽ ቀን ማትረፍ ማለት ነው።

አንድ ቀን አንዲት አያት ወረፋው መሀል አየሁ። ብረቱን ተደግፈዋል። አንድ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ሌላኛው ጫማ ላይ ጣል አድርገውታል። የልጅ ልጃቸው ቦርሳቸውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ «ትንሽ ነው የቀረን» ይላቸዋል። የቀራቸው 40 ደቂቃ ነበር። አውቃለሁ፣ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ልጁን እንዳይከፋው ፈገግ ይሉለታል። ወንድምሽ «እማማም አብረው ናቸው» ሲለኝ እኚያ ሴትዮ ናቸው ፊቴ ድቅን ያሉት።

ተሽከርካሪ ወንበር እንከራያለን ትይ ይሆናል። ተከራዩ፣ በጣም ጥሩ ነው፤ ፓርኩ ሰፊ ስለሆነ ለጉልበታቸው ያስፈልጋል። ግን ወንበር ወረፋ ያስዘልላል የሚሉሽን አትስሚ። አብዛኛው የወረፋ መንገድ ወንበር እንዲያሳልፍ ሆኖ የተሠራ ነው፤ እንደ ማንኛውም ሰው ነው የሚጠበቀው። ገንዘብ ከፍሎ ወረፋ ማሳጠርም አለ፣ ላይትኒንግ ሌን ይሉታል። ለአንዳንድ መጫወቻ ይረዳል። ግን መንገዱን፣ ሽንት ቤቱን፣ ማታ ወደ ሆቴል የሚመልሰውን አውቶቡስ አያቀልልሽም። ተኝቶ የከበደ ልጅ ታቅፎ አውቶቡስ መጠበቅን ደግሞ ለአንቺ አልነግርሽም።

አሁን «ታዲያ መቼ ልሂድ?» ትይኛለሽ። ድምፅሽ ይሰማኛል።

ልጆቹ የገና መብራት ማየት እንደሚፈልጉ ወንድምሽ ነግሮኛል። እሱ ነው የሚያስቸግርሽ አይደል? እኔ ግን ደስ ያለኝ በእሱ ነው። ምክንያቱም ጌጡ ለገና ሳምንት ተብሎ አይጠብቅም። በኖቬምበር ይሰቀላል፤ ዲሴምበር ሲገባ ዛፉም፣ መብራቱም፣ ሁሉም አለ። በታንክስጊቪንግና በገና መካከል ደግሞ ተማሪው ሁሉ ክፍል ውስጥ ነው። ታንክስጊቪንግ፣ የአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል፣ የኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ላይ ነው የሚውለው፤ ያንን ሳምንት ዝለይው። ከዚያ በኋላ ያሉት የዲሴምበር የመጀመሪያ ሁለት ሳምንታት ናቸው የአንቺ። ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ። ቅዳሜና እሑድ ዓመቱን ሙሉ የሚያስገባ ትኬት ያለው የአካባቢው ሰው ይመጣል፣ ተይው።

ባዶ ነው ብዬ አልዋሽሽም። ኦርላንዶ ባዶ የሚባል ወር የለውም፤ መብራቱን ፈልጎ የሚመጣ ሌላም ሰው አለ። ከገና ሳምንት ጋር ግን ጨርሶ አይገናኝም።

አንድ ጥሩ ነገር ልጨምርልሽ። ማጂክ ኪንግደም በዚያ ሰሞን በተመረጡ ምሽቶች የገና ግብዣ ያዘጋጃል። ለብቻው ትኬት አለው። ግብዣ ባለበት ቀን ተራ ትኬት የያዘ ሰው ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ማለት በእነሱ አቆጣጠር 6 ሰዓት ላይ፣ መጫወት ያቆማል። ርችት ማየት የሚፈልገው ሁሉ «ምን ያደርግልኛል» ብሎ ያን ቀን ወደ ሌላ ፓርክ ይሄዳል። ስለዚህ ቀኑ ቀለል ይላል። እስቲ አስቢው፣ እማማ ማታ ያን ያህል ያመሻሉ? ትንሿስ? ጀንበር በዚያ ሰሞን 11 ሰዓት ተኩል አካባቢ ትጠልቃለች። መብራቱ ሲበራ አይታችሁ፣ ልጆቹ ሳያለቅሱ ትወጣላችሁ። ርችቱን በሌላ ቀን ታዩታላችሁ። እኔ ብሆን ይህንን ነበር የምመርጠው።

መብራቱ ይቅር ካላችሁ ሌሎች ጊዜያት አሉ። ሴፕቴምበር በጣም ከሚቀልሉት አንዱ ነው። የፍሎሪዳ ትምህርት ቤቶች ኦገስት አጋማሽ ላይ ይከፈታሉ። የሰሜኖቹ ብዙዎቹ ከሌበር ደይ በኋላ ይከፈታሉ፤ ሌበር ደይ፣ የእነሱ የሠራተኞች ቀን፣ የሴፕቴምበር የመጀመሪያው ሰኞ ነው። ከዚያ በኋላ ተማሪ ያለው ቤተሰብ ይጠፋል። ግን ሙቀቱ ለእማማ አይሆንም። የአውሎ ነፋስ ወቅትም ነው፤ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ይቆያል፣ የሚበረታው ደግሞ ሴፕቴምበር 10 አካባቢ ነው። መብረቅ ካለ ደጅ ያሉት መጫወቻዎች ይቆማሉ። ለወጣት ጥሩ ወር ነው፣ ለእናንተ አልመክርም።

ከጃንዋሪ መጨረሻ እስከ ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ያለው ይሻላችኋል። አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ሰው ይቀንሳል። ፕሬዝዳንቶች ቀን ሳይደርስ ግን መመለስ አለባችሁ፤ የፌብሩዋሪ ሦስተኛው ሰኞ ነው፣ ብዙ ትምህርት ቤት በዚያ ሰሞን ይዘጋል። ሌላው ችግር፣ ሰው በቀነሰበት ወቅት ፓርኮቹ መጫወቻ ዘግተው ይጠግናሉ፣ ቶሎም ይዘጋሉ። ልጆቹ የሚወዱት መጫወቻ ተዘግቶ እንዳይጠብቃቸው የጥገናውን ዝርዝር ቀድመሽ እዪ።

የእኔን ቃል ብቻ አትመኚ። የትኬቱን የዋጋ ካሌንደር ክፈቺ። ዲዝኒ ወርልድ ከ2016 ጀምሮ የአንድ ቀን ትኬትን እንደ ቀኑ እያለያየ ነው የሚሸጠው። ስንት ሰው እንደሚመጣ ከእነሱ የተሻለ የሚገምት የለም። ዋጋው የወረደበት ቀን ሰው ይቀንሳል ብለው ያሰቡት ቀን ነው፤ በግልጽ ጽፈው አስቀምጠውልሻል። የገናን ሳምንትና የዲሴምበርን የመጀመሪያ ሳምንት ጎን ለጎን አስተያዪና ደውዪልኝ።

ትምህርት ያመልጣቸዋል ትያለሽ። ትምህርትን አቅልዬ አይደለም፣ ታውቂኛለሽ። ግን ትልቁ ገና አንደኛ ክፍል ነው። ሦስት ቀን ነው የሚቀረው። መምህርቱን ቀድመሽ አናግሪያት፣ የሚሠራውን ወረቀት ትስጥሽና አውሮፕላን ላይ ይሥራው። በአንቺም በኩል ቢሆን፣ ሆስፒታል ውስጥ በገና ሳምንት ዕረፍት ለማግኘት ስንት ሰው ይሻማል? በዲሴምበር መጀመሪያ ግን ማን ይጋፋሻል?

ደግሞ አንድ ልመና። ጠዋት ተነሺ! ለገዛ ሠርግሽ ያረፈድሽ ሴት እንደሆንሽ አልረሳሁም። ግን የመጀመሪያው ሰዓት ወርቅ ነው። በዲዝኒ ሆቴሎች የሚያድር ሰው ከሌላው 30 ደቂቃ ቀድሞ ይገባል። ቀጥ ብለሽ ማጂክ ኪንግደም ውስጥ ፒተር ፓን ወደሚባለው መጫወቻ ሂጂ። ጀልባዎቹ ትናንሽ ናቸው፣ በአንድ ጊዜ ጥቂት ሰው ነው የሚይዙት፤ ቀለል ባለ ቀን እንኳ ወረፋው ረጅም ነው። ቤተሰብ የሚሳፈርበት ነገር ስለሆነ እማማም ይቀመጡበታል። እኩለ ቀን ላይ ሰው ሲበዛ ወደ ሆቴል ተመልሳችሁ እረፉ። ምሽት ላይ ትመለሳላችሁ። ከመዘጋቱ በፊት ወረፋው ውስጥ ከገባሽ ሰዓቱ ቢያልፍም ያስተናግዱሻል።

ይኸውልሽ፣ ሌላ የምለው ነገር አለ። ከመጀመሪያው ጀምሮ እየዞርኩት ነው።

የሰባቱ ድንኮች ባቡር ላይ ለመሳፈር ቁመት 97 ሴንቲ ሜትር መሙላት አለበት። ትንሿ የምትደርስ አይመስለኝም። ለእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ ራይደር ስዊች የሚባል አሠራር አላቸው። አንዱ አዋቂ ከትልቁ ልጅ ጋር ይሳፈራል፣ ሌላው ከትንሿ ጋር ደጅ ይጠብቃል። ከዚያ ይቀያየራሉ፤ ሁለተኛው ዋናውን ወረፋ እንደገና አይጠብቅም። ሁለተኛዋ አዋቂ እማማ ናቸው እንዳትይኝ። የአንቺን ልጅ፣ ያችን ሯጭ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል እሳቸው ሊይዟት አይችሉም። ሌላ ሰው ያስፈልግሻል።

ያ ሰው እኔ ብሆንስ?

ይህን ያህል ጠፍቼ እንዲህ ማለት ይከብዳል። ጽፌ ሰርዤዋለሁ፣ እንደገና ጽፌዋለሁ። ትንሿን ያየኋት አራስ ሆና ነው። እማማ «ልጄ» ሲሉኝ ናፍቆኛል። ከእሳቸው ጋር ጥላ ስር ተቀምጬ አንቺ ከልጆችሽ ጋር ስትጮሂ መስማት እፈልጋለሁ። ክፍል ለብቻዬ እይዛለሁ፣ ወጪዬን እችላለሁ። አይመችም ካልሽ በግልጽ ንገሪኝ፣ አይከፋኝም። ማለቴ ይከፋኛል፣ ግን ይገባኛል። ያኔም ቢሆን ቀኑን ቀይሪ። ቀኑን የምለምንሽ አብሬ ለመምጣት ብዬ አይደለም።

የዲሴምበር ፈረቃሽን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። የግብዣ ምሽቶቹን ከፈረቃሽ ጋር አስተያይቼ የሚሆኑትን ቀናት እመርጥልሻለሁ። የእኔን ዕረፍት ለመጠየቅ አለቃዬ እስከዚህ ወር መጨረሻ ጊዜ ሰጥቶኛል፤ እስከዚያ አንድ ቃል ይበቃኛል። ሌሊትም ቢሆን ደውዪ። አነሳለሁ።

እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ያንቺው