ክብሪቱን የጫረው ተማሪዬ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ደሴ ውስጥ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የሳይኮሎጂ መግቢያ ትምህርት ከሚሰጡ መምህራን አንዱ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሣሣኝ በክፍሌ ውስጥ የደረሰ አንድ ነገር ሲሆን፣ ጥፋቱ በአብዛኛው የራሴ ስለሆነ ማንንም ሳላስቀይም ልናገረው የምችል ይመስለኛል።

የሰው ባሕርይ ሥነ ሕይወታዊ መሠረቶችን የሚመለከተውን ምዕራፍ ጨርሰን በተፈተኑ በሳምንቱ፣ ከኋላ ተቀምጦ የነበረ አንድ ተማሪ በድንገት ወድቆ መንፈራገጥ ጀመረ። ጓደኞቹ ከበቡት። አንደኛው ክብሪት ጭሮ ጢሱን ወደ አፍንጫው አስጠጋ፤ ሌላው በጥርሶቹ መካከል እስክሪብቶ ለማስገባት ታገለ፤ አንዲት ተማሪ ደግሞ ከአፉ የሚወጣው አረፋ እንዳይነካቸው እየጮኸች ሌሎቹን ወደ ኋላ ትስብ ነበር። ክብሪቱን የጫረው ልጅ በፈተናው ከ20 ጥያቄ 20 ያገኘ ነው። የታላቁን አንጎል ክፍሎች በቃሉ ይወጣቸዋል፤ አንድ የነርቭ ሴል በዕረፍት ላይ ሳለ በውስጡና በውጭው መካከል 70 ሚሊቮልት ያህል የኤሌክትሪክ ልዩነት እንዳለውም አሳምሮ ጽፏል። ያው ኤሌክትሪክ ዓይኑ ሥር ሥርዓቱን ስቶ ጓደኛውን ሲጥለው ግን አላወቀውም፤ እንዲያውቀው አድርጌ አላስተማርሁትምና።

ከተንታም ሆነ ከወረኢሉ፣ ወይም እዚሁ ከከተማው የመጡት ልጆች፣ የሚጥል በሽታን የሚያውቁት በቤታቸው ከሰሙት ነው። ልክፍት ነው ይባላል፤ በለሀጭ ይተላለፋል ይባላል፤ የታመመ ሰው ያለበት ቤትም ለጋብቻ ይፈራል። እኛ መምህራን ግን ስለ አንጎል ስናስተምር ይህን ሁሉ እንዳልሰማን እናልፈውና የክፍሎቹን ስም ብቻ እናስጽፋለን። በየተራቸው መልእክት ሊለዋወጡ የሚገባቸው እጅግ ብዙ የነርቭ ሴሎች ባንድ ጊዜ አብረው የኤሌክትሪክ ምልክት ሲለቁ ሰውየው እንደሚወድቅ፣ ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር የሰውን አንጎል ኤሌክትሪክ ከራስ ላይ መቅዳት መቻሉን እ.ኤ.አ. በ1929 ካሳተመ ወዲህም ይህ ማዕበል በወረቀት ላይ የሚነበብ እንደ ሆነ ብንነግራቸው፣ በሽታው በለሀጭ የሚተላለፍበት መንገድ እንደሌለ ራሳቸው ይደርሱበታል። ፌኖባርቢታል የተባለው ርካሽ መድኃኒት እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ ለዚህ በሽታ ሲሰጥ የቆየ ሲሆን፣ የሚሠራውም ሴሎቹን “ረጋ በሉ” የሚለውን የአንጎል የራሱን ኬሚካል በማገዝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም 50 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ይህ በሽታ አለባቸው፤ በአግባቡ ቢታከሙ እስከ 70 በመቶ የሚደርሱት ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ።

ጸበል የሚጠመቀውንም ሆነ ዱአ የሚያስደርገውን ወገኔን ልነቅፍ አልተነሣሁም፤ በወሎ ቤት ሁለቱም በአንድ ግቢ የሚገኙበት ጊዜ አለ፣ የታመመም ሰው መጽናኛ ይሻል። የምቃወመው “ኪኒኑን ተው” የሚለውን ምክር ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ከቀድሞው የባሰ፣ አንዳንዴም ለሕይወት የሚያሰጋ መንፈራገጥ ሊያመጣ ይችላል።

በሌላ በኩል ምዕራፉን ያነበበ ተማሪ “እንግዲያው ባሕርይ ሁሉ የአንጎልና የዘር ነገር ነው፣ ሰው አይለወጥም” ብሎ እንዳይወጣም እሰጋለሁ። ለዚህ ስሕተት መማሪያ መጻሕፍቱም ያግዛሉ። ፊንያስ ጌጅ የተባለውን የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች አለቃ እ.ኤ.አ. በ1848 የብረት ዘንግ ጉንጩን ዘልቆ በራስ ቅሉ እንደ ወጣና ከዚያ በኋላ ጠባዩ እንደ ተለወጠ ይተርካሉ፤ ዘግይቶ ወደ ቺሊ ሄዶ ለዓመታት የመንገደኞች ሠረገላ መንዳቱን ግን ብዙዎቹ ይዘሉታል። እንዲህ ያለው ሥራ ትዕግሥትና ጥንቃቄ ይጠይቃል። የተጎዳ አንጎል ያለው ሰው ሥርዓት ባለው ኑሮ ውስጥ ብዙ ነገር መልሶ ሊይዝ እንደሚችል የሚያሳየው ደግሞ ይኸው የተዘለለው ክፍል ነው።

የአንጎልን ሥራ የሚያሳይ ምሳሌ ለማግኘትም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ነቅተን ስንውል በአንጎላችን የሚጠራቀመው አዴኖሲን የተባለ ኬሚካል እንቅልፍ እንደሚጠራ፣ በቡና ውስጥ ያለው ካፌይንም የአዴኖሲንን መቀመጫ ቀድሞ እንደሚይዝበት ለማስረዳት የማታውን አቦል፣ ቶናና በረካ ማንሣት ይበቃል። (እናቴ “በረካ ካልጠጣሁ እንቅልፍ አይወስደኝም” ትላለች፤ ይህን ገና ላስረዳት አልቻልሁም።)

የወደቀው ልጅ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ነቅቶ የት እንዳለ ጠየቀ። በሳምንቱ ተመልሶ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ እኔም ምዕራፉን እንደገና ከመጀመሪያው አስተማርሁ። ለሚቀጥለው ፈተና የአንጎልን ክፍሎች ዘርዝሩ የሚለውን ጥያቄ አውጥቼ በምትኩ ይህን አስገብቻለሁ፦ “አጠገብህ የተቀመጠ ሰው ወድቆ ቢንፈራገጥ በአንጎሉ ውስጥ ምን እየሆነ ነው? አንተስ ምን ታደርጋለህ?” ሙሉ ነጥብ የሚያገኘው ተማሪ የነርቭ ሴሎቹን ነገር ከገለጸ በኋላ፣ የሚያቆስል ነገር ከአጠገቡ እንደሚያርቅ፣ ከራሱ ሥር ልብስ እንደሚያነጥፍ፣ በጎኑ እንደሚያስተኛው፣ አፉ ውስጥ ምንም ነገር እንደማያስገባ፣ ሰዓቱን እንደሚመለከትና ከ5 ደቂቃ በላይ ከቆየ ወደ ጤና ተቋም እንደሚያደርሰው የሚጽፈው ነው። ክብሪት የሚል መልስ ካየሁ ለዚያ ተማሪ ምዕራፉን ለሦስተኛ ጊዜ አስተምረዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሳይኮሎጂ መምህር
ደሴ፣ ወሎ