ሕንጻው ይሠራ፣ አምራቹ ግን ቦታ አይጣ

ለክብርት ከንቲባ አዳነች አቤቤ
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር

ጤና ይስጥልኝ ክብርት ከንቲባ። የምጽፍልዎ ስለ ሪል ስቴት ነው። የቤት ዋጋ ሰማይ መንካቱን ሁሉም ሰው ብሎታል፣ እሱን አልደግመውም። እኔን የሚያሳስበኝ ግንባታው በሌላው የከተማችን ሥራ ላይ እያደረሰ ያለው ጉዳት ነው። ከተማዋ አደገች ሲባል የሚታየን ክሬንና መስታወት ነው፤ ጫማ የሚሰፋው፣ ብረት የሚበይደው፣ ቁምሳጥን የሚሠራው ሰው ግን ቦታ እያጣ ነው።

እዚህ የደረስነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ2010 ጀምሮ ባንክ ለቁጠባ የሚከፍለው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነበር። በ2014 ደግሞ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ወጣ። ብሩን ባንክ ያስቀመጠ ሰው ቁጭ ብሎ ከሰረ። ስለዚህ ነጋዴውም፣ ውጭ አገር የሚኖረው ወገናችንም ወደ መሬትና አፓርታማ ሮጠ። አልፈርድባቸውም። ግን ማሽን ሊገዛ ይችል የነበረ ስንት ገንዘብ ነው ማታ መብራት የማይበራበት ፎቅ ሆኖ የቀረው? ባንኩም ብድር ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚለው “ማስያዣ አለህ ወይ?” ነው። ሕንጻ ያለው ተበድሮ ሌላ ሕንጻ ይጨምራል፣ ሙያ ብቻ ያለው ባዶ እጁን ይመለሳል። ሊፍቱና ሴራሚኩ የሚመጣበት ዶላርም አምራቹ መለዋወጫ ለማስመጣት የሚፈልገው ያው ዶላር ነው።

የመርካቶን ጫማ ሠሪዎች እንይ። በ1990ዎቹ የቻይና ጫማ ሲያጥለቀልቀን ብዙዎቹ ከስረው ዘጉ። የቀሩት ጥራታቸውን አሻሽለው ገበያቸውን መልሰው ያዙ። እንዴት ቻሉ? አንዱ ምክንያት ቆዳ ሻጩ፣ ሶል ሻጩ፣ ማስቲሽ ሻጩ፣ ስፌት የሚሰፋው ሁሉ አጠገብ ላጠገብ መሆናቸው ነው። ሶል ቢጎድል ልጅ ተልኮ ወዲያው ይመጣል፣ አንዱ አዲስ ሞዴል ቢያወጣ ሌላው አይቶ ይማራል፣ ገንዘብ ያጠረው ከሚያውቀው ሰው ቆዳ በዱቤ ይወስዳል። እንዲህ ያለውን ሰው ከቦታው አንስቶ ከተማ ዳር ሼድ መስጠት ግድግዳና ጣሪያ መስጠት ነው። ዱቤ የሚሰጠው ሰውዬ አብሮት አይሄድም፣ ደንበኛውም እዚያ ድረስ አይመጣም።

ሠራተኛውም ያው ነው። መሐል ከተማ ኪራይ ስለማይቀመስ ኮዬ ፈጬ ወይም የካ አባዶ ይኖራል። ደመወዙ ለታክሲ ያልቃል፣ ጉልበቱ ሰልፍ ላይ።

ግንባታው ለስንት ወጣት እንጀራ እንደሆነ አውቃለሁ፣ የሊዝ ገቢውም መንገድ እንደሚሠራ አውቃለሁ። የቀን ሥራው ግን ፎቁ ሲያልቅ ያልቃል። ደግሞ ሁሉም ነገር አንድ ዘርፍ ላይ ሲንጠለጠል ምን እንደሚመጣ ዱባይ በ2009 እ.ኤ.አ. አይታዋለች። የቤት ዋጋ ወደቀ፣ ዕዳ መክፈል አቃታት፣ አቡ ዳቢ ደረሰችላት። ለእኛ ማን ይደርስልናል?

ክብርት ከንቲባ፣ በሕገ መንግሥቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ከተማው ውስጥ መሬት በሊዝ የሚሰጠው የእርስዎ አስተዳደር ስለሆነ፣ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነውም እሱ ነው። ስለዚህ መልሶ ማልማት በሚካሄድበት ሰፈር ሁሉ፣ እዚያው ሲሠሩ ለነበሩ አምራቾች በአቅማቸው የሚከራዩት ቦታ ይያዝላቸው፤ አንድ ላይ፣ ሳይበታተኑ። የኪራይ አዋጁ፣ 1320/2016፣ ለመኖሪያ ቤት ተከራይ ቢያንስ የሁለት ዓመት ውል ሰጥቶታል። ወርክሾፕ የተከራየው ግን “ቦታውን ሸጬዋለሁ፣ ልቀቅ” ሲባል ማሽኑን የት ይጫን? ለእሱም እንዲህ ያለ ከለላ እንዲወጣለት አስተዳደሩ ይጠይቅለት። ባዶ የቆሙት አፓርታማዎች ላይ ደግሞ ግብር ይጣል። የካናዳዋ ከተማ ቫንኩቨር ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰው በማይኖርባቸው ቤቶች ላይ ታስከፍላለች፣ እኛንም የሚከለክለን ያለ አይመስለኝም።

ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር በይፋ ይነገረን። ባለፉት አምስት ዓመታት ከተማው ከሰጠው መሬት ስንቱ ለአፓርታማ፣ ለሆቴልና ለገበያ ማዕከል፣ ስንቱ ለአምራች ሄደ? ቁጥሩ በየክፍለ ከተማው ተዘርዝሮ፣ ከሚቀጥለው የሊዝ ጨረታ በፊት ይውጣልን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ