ቀይዋ ኩባያ

ለምወድሽ ልጄ፣

ትናንት ማታ "ግቢ ጉባኤውን ትቼዋለሁ፣ ሁሉም ግብዞች ናቸው" ብለሽ ስልኩን ዘጋሽብኝ። መልሼ ልደውል ነበር። በስልክ ከጀመርኩ ግን እንደምጮህ ስለማውቅ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ። ያረገዘችውን ልጅ ከመዘምራን አስወጥተው በማግስቱ ስለ ፍቅር ማስተማራቸው እኔንም አናዶኛል። "ተያቸው" ልልሽ አይደለም። ለአባትሽ እንኳ በደንብ ያልነገርኩትን አንድ ነገር ልንገርሽ።

ያደግኩት ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ እንጦጦ ግርጌ መሆኑን ታውቂያለሽ። ያኔ ከኛ አጥር ወዲያ ባሕር ዛፍ ብቻ ነበር። ጠዋት ጠዋት እንጨት የተሸከሙ እናቶች ጎንበስ ብለው ይወርዳሉ። በሽተኞች ደግሞ ለጠበል ወደ እንጦጦ ማርያም ይወጣሉ።

አያትሽ በየወሩ በ21 የማርያም ጽዋ ነበራት። ጎረቤታችን እትዬም አባል ነበረች። ስሟን አልጽፍም፣ ልጆቿ አሁንም እዚያው ሰፈር አሉ። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከስቶ ከስቶ ሞተ። ዓመት ሳይሞላው እሷን አንገቷ ላይ አልማዝ ባለጭራ ወጣባት። በቃ። ምርመራ ማን ይጠብቃል? ሰፈሩ "ኤድስ ነው" ብሎ ፈረደ።

የዚያን ወር ተረኞቹ እኛ ነበርን። እኔ 12 ዓመቴ ነው፣ ጓዳና ሳሎን እመላለሳለሁ። አያትሽ ቀይ የፕላስቲክ ኩባያ ሰጠችኝና ዓይኔን ሳታይ "ለእትዬ በዚህ ስጫት" አለችኝ። ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እሷ ጋ ሲደርስ ዘሎ አለፈ። እኔ ኩባያዋን ይዤ ቆሜያለሁ፣ ጠላው እጄ ላይ ይንጠባጠባል። "ተመቻችተሽ እንድትጠጪ ብዬ ነው" አለቻት አያትሽ። እትዬ ተቀበለችኝ። "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ጨርሳ ጠጣችው።

በሚቀጥለው ወር የራሷን ኩባያ በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ይዛ መጣች።

ተራዋ ሲደርስ ደግሞ "አንቺ አትድከሚ፣ እኛ እናወጣልሻለን" አሏት። ጽዋው ቤቷ ሳይገባ ቀረ።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው። እትዬ ትቆርብ ነበር። መቼም በኛ ሰፈር የሚቆርበው ሕፃንና አሮጊት ነው፤ ስለዚህ ከኛ ከልጆች ጋር ትሰለፋለች። ዲያቆኑ ክቡር ደሙን በእርፈ መስቀሉ፣ በመቁረቢያው ማንኪያ፣ ለሷ ያቀብላታል፤ በዚያው እርፈ መስቀል ለኔ። አያትሽ አፌን በነጠላ እየሸፈነችልኝ ፊቷ ይበራል። አንድም ቀን "ከሷ ኋላ አትሰለፊ" ብላኝ አታውቅም። ከቅጥሩ ስንወጣ ኩባያው ይለያል።

ግብዝ ነበረች? ነበረች። ግን እትዬ አልጋ ስትይዝ በየቀኑ አጥሚት ይዛ የምትሄደው ማን ነበር? አያትሽ። ገላዋን ታጥባታለች፣ ቁስሏን ትጠርግላታለች፣ በባዶ እጇ። ሬዲዮው በኩባያ እንደማይተላለፍ፣ ከደም ግን መጠንቀቅ እንደሚያስፈልግ ይለፈልፋል። አያትሽ ሁለቱንም ገልብጣ ነው የሰማችው። እስከ መጨረሻው አጠበቻት፤ እስከ መጨረሻው በኩባያዋ ውኃ አልጠጣችም። ሰው "ውስጡን ለቄስ" ይላል። የአያትሽን ውስጥ ቄሱም የሚያውቀው አይመስለኝም።

እኔስ? አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ እትዬ "ርቦሻል አይደል?" ብላ ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ። በሁለት እጄ ተቀበልኩ። መታጠፊያው ጋ ስደርስ ቦይ ውስጥ ወረወርኩት። ዞር ስል ቆማ ታየኛለች። ምንም አላለችኝም። በማግስቱም ስማ ሰላም አለችኝ። ይህንን ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ፣ ስግደትም ሰጥተውኛል፤ ሰግጄም አልወጣልኝም።

በ1993 ሞተች። ዕድሩ ድንኳን ጣለ። ጽዋውን አሻግራ ያቀበለችው ሴትዮ ደረቷን እየደቃች ከሁሉም በላይ አለቀሰች። መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ነው። ያኔ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱንም ጠበሉንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው በአደባባይ የተናገሩት ደግሞ በ1999፣ አንቺ በተወለድሽበት ዓመት። አያትሽ ያን ቀን ቡና እየቆላች ነበር። ሬዲዮው ሲያወራ ምጣዱን እሳት ላይ ትታ ጓዳ ገባች። ቡናው አረረ። ምን እንደሆነች አልጠየቅኳትም፣ እሷም አልነገረችኝም።

ግቢ ጉባኤው ውስጥ ብትቀሪም ብትወጪም ያንቺ ጉዳይ ነው። አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ልጅቷን ካስወጧት ወዲህ ዶርሟ ሄደሽ ታውቂያለሽ? ትናንት ስለ እነሱ ሃያ ደቂቃ አወራሽኝ። የሷን ስም እንኳ አልነገርሽኝም።

ለፋሲካ ስትመጪ ይዘሻት ነይ። ቤተሰቦቿ ካስቸገሯት እስክትወልድም ቢሆን እኛ ቤት ትቀመጥ፣ ያንቺ ክፍል እንደሁ ባዶውን ነው። የሁለታችሁን መሳፈሪያ በቴሌብር ልኬልሻለሁ። ገንፎ የምትወድ ከሆነ ጠይቂልኝ፤ የገብሱን ዱቄት አስፈጭቼ እጠብቃለሁ።

እናትሽ