ጥቁሩ ቤንዝ ሐረጎን ለምን አይወጣም? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

በዚህ ጥር የሰርግ ሰሞን ለሙሽሮች የማከራየውን ጥቁሩን ቤንዝ በሐረጎ፣ ማለትም በደሴና በኮምቦልቻ መሀል ባለው ዳገት፣ ወደ ኮምቦልቻ አልልክም በማለቴ የተቀየማችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። በፕራዶ ለሄዳችሁት ሙሽሮች፣ በደስታችሁ ቀን ቅር ስላላችሁ ይቅርታ። "ለሀብታም ደብቆት ነው" የምትለዋ ወሬ ግን አንጀቴን ነክታዋለች። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

መኪናው ኤስ 320 ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር የ2001 ምርት። ሞተሩ ጠንካራ ነው፣ ዘይቱን በጊዜው ከቀየሩለት አያሳፍርም። ጣጣው ሌላ ቦታ ነው። ይህ መኪና እንደ ቶዮታ ዲኤክስ በሞላ አይቆምም፤ በአየር ነው የሚቆመው። በአራቱም እግሩ ባሎን፣ ማለትም አየር የሚሞላ የጎማ ከረጢት፣ አለው። የባሎኑ ጎማ ሲያረጅ ይሰነጠቅና ያፈሳል፤ የደሴ ብርድ ደግሞ አያዝንለትም። ማታ ቀጥ ብሎ ያደረው መኪና ጠዋት በአንድ ጎኑ ተኝቶ ይገኛል። ቁልፉን ስታዞሩ ዳሽቦርዱ ላይ "ስቶፕ፣ ካር ቱ ሎው" (ቁም፣ መኪናው በጣም ዝቅ ብሏል) የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ባሎኖቹን አየር የሚሞላው ኮምፕሬሰርም የፈሰሰውን ልተካ ሲል ያለ ዕረፍት ይሠራና ይቃጠላል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፤ አዲስ ኮምፕሬሰር ያስገጥማል፣ ባሎኑ ግን ማፍሰሱን አልተወም፣ አዲሱም ይከተላል። እኛ መጀመሪያ የሳሙና ውሃ ቀብተን አረፋ የምታወጣዋን ቦታ ነው የምንፈልገው።

ሌላዋ አስቸጋሪ የሞተሩን ዙር የምታነብ ትንሽ ሴንሰር ናት። ስታረጅ ሙቀት አትችልም። መኪናው ሲግል ድንገት ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ምንም እንዳልነካው ይነሳል። የነዳጅ ፓምፕ ነው ተብለው ብራቸውን ያፈሰሱ አሉ።

እስቲ አሁን ሐረጎን አስቡት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 አካባቢ። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ያን ሁሉ ዳገት መውጣት ነው። የሰርግ አጀብ ደግሞ አይሮጥም። ክላክስ እየተነፋ፣ ቪዲዮ ቀራጩ ከፊት እየመራ፣ ሙሽሮቹና ሚዜዎቹ ተሳፍረው፣ ኤሲው ተከፍቶ በዝግታ ነው የሚወጣው። ነፋስ ራዲያተሩን አያገኘውም። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እንዳይፈላ የሚይዘው በሲስተሙ ውስጥ የታመቀው ግፊት ነው። የውሃው ክዳን ትንሽ ከላላ አለቀ። ሙሽራዋን ቬሎዋን ሰብስባ ጠመዝማዛው ላይ፣ በከባድ መኪናዎች መሀል፣ ኮፈን ተከፍቶ ማቆም አልችልም። ብትሰድቡኝ ይሻለኛል።

"ታዲያ ሁሉንም በአዲስ አትቀይረውም?" ላላችሁኝ፣ እየቀየርኩ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ዶላር በገበያ ይወሰን ሲባል ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። መለዋወጫው ሁሉ አብሮ ዘለለ። ከአንድ ሻጭ "ኦሪጅናል ነው" ተብሎ የገዛሁት ባሎን ብዙም ሳይቆይ ማፍሰስ ጀመረ፤ ስደውል ስልክ የሚያነሳ የለም። ኪራዩን በዚያው ልክ ጨምሬ ቢሆን ኖሮ ማን ይከራየኝ ነበር?

ይህን ሥራ በአንድ ዲኤክስ ነው የጀመርኩት። ያኔ ያጀብኳችሁ ዛሬ የታናናሾቻችሁን ሰርግ ይዛችሁልኝ ትመጣላችሁ። በ2014 ጦርነቱ ከተማችን ገብቶ ሁሉም ነገር ቆሞ ሲከፈት፣ "አለህ ወይ?" ብላችሁ ቀድማችሁ የደወላችሁት እናንተ ናችሁ። አልረሳሁትም። ቤንዙን ሸጬ ብገላገል ይቀለኝ ነበር፤ ያልሸጥኩት ስለምትወዱት ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም እወደዋለሁ።

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። ቤንዙ ደሴ ውስጥ፣ ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ፣ በነበረው ዋጋ ይሠራል። ከኮምቦልቻ ለሚመጡ ሙሽሮች ሐረጎን በፕራዶ እናወጣቸዋለን፣ ደሴ መግቢያ ላይ ታጥቦና አበባ ተደርጎለት ቤንዙ ይጠብቃቸዋል። ለዚህ ተጨማሪ አልጠይቅም። ይህ የማይስማማችሁ ካላችሁ ቀብዳችሁን ሙሉውን እመልሳለሁ፤ ደረሰኙን ብቻ ይዛችሁ ኑ። ግን ከፋሲካ በኋላ ላለው ሰርግ ሌላ ቦታ ከመዋዋላችሁ በፊት፣ እባካችሁ አንዴ ደውሉልኝ።

አክባሪያችሁ፣
የድርጅቱ ባለቤት፣ ደሴ